የተዋዋሱት ሂስ

ከሽንፋ ወደ መተማ ዮሐንስ የሚወስደው የጠጠር መንገድ ፀሐዩ ገና ሳይበረታ አቧራ በአቧራ ሆኗል። አሮጌዋ ዲቲ ሞተር እያሳለች ትሮጣለች። ጋሽ ቢሻው ይነዳሉ፤ የትናየት ከኋላቸው ተቀምጣ በአንድ እጇ ጃኬታቸውን ጨብጣ በሌላው ነጠላዋን አፍንጫዋ ላይ ይዛለች። ከፊታቸው የቀን ሠራተኞችን እንደ ጆንያ የጫነ አይሱዙ ይሄዳል። ጋሽ ቢሻው ሁለት ጊዜ ሊያልፉት ሞክረው አልሆነላቸውም፤ በሦስተኛው ተስፋ ቆርጠው ሞተሩን ከመንገድ አወጡና አንድ ቁርቁራ ጥላ ሥር አቆሙት።

«አቧራውን ይዞልን ይሂድ» አሉ ኮፍያቸውን ጉልበታቸው ላይ እያራገፉ። «ደግሞ ሳንነጋገር አንገባም።»

ኅዳር ሁለት ሺህ ዘጠኝ ነው። ሰሊጡ ተወቅቶ ገብቷል፣ ማሽላው አጨዳ ይጠብቃል። ከጎጃም፣ ከወሎ፣ ከደጋው ጎንደር የወረደው ሠራተኛ ቆላውን ሞልቶታል። የመንግሥት ሠራተኛው ግን ሥራውን ቆልፎ አዳራሽ ሞልቶ ነበር። ጥልቅ ተሃድሶ ይባል ነበር ስሙ። ከክልል እስከ ቀበሌ ሁሉም መሥሪያ ቤት ለቀናት በሩን ዘግቶ ራሱን ይገመግማል። ተባዩ ማሳ ላይ ሰብሉን ሲበላ፣ የተባይ ባለሙያው አዳራሽ ውስጥ እርስ በርሱ ይበላላ ነበር።

ሁለቱ የቆላ ሰብል ጥበቃ ጣቢያ ሠራተኞች ናቸው። ዋናው ቢሮ መተማ ዮሐንስ ነው፤ ሽንፋ ላይ ያለው ቅርንጫፍ አንድ የቆርቆሮ ክፍል፣ አንድ ሞተር፣ አራት የመርጫ መሣሪያና እነሱ ሁለቱ ብቻ ነበር። ጋሽ ቢሻው ጡረታ ሊወጡ ሁለት ዓመት የቀራቸው ከፍተኛ ባለሙያ ናቸው። የትናየት ሦስተኛ ዓመቷን የያዘች የኮንትራት ሠራተኛ ናት። ዲግሪዋን ይዛ ስትመጣ የሰሊጥ ትልን በመጽሐፍ እንጂ በዓይኗ አታውቀውም ነበር። ቅጠሉን ገልጠው ያሳዩዋት፣ ሞተር መንዳት ያስተማሯት፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ቤታቸው ወስደው ከባለቤታቸው ከእትዬ ባየሽ ጋር ያበሏት እሳቸው ናቸው። የአራት ዓመት ልጇ ወንጌል ሳንጃ እናቷ ዘንድ ነበረች። የትናየት ቋሚ ሠራተኛ ስትሆን ልጇን ልታመጣ ቤት ሳይቀር አይታ ነበር። የቋሚነቷ ጉዳይ ደግሞ የሚታየው በዚያው ግምገማ ነው።

በዚያ ዘመን በየመሥሪያ ቤቱ ማንም ያልጻፈው፣ ሁሉም የሚያውቀው አንድ ልማድ ነበረ። ግምገማ ሲደርስ የሚዋደዱ ሰዎች ሂስ ይዋዋሳሉ። በስብሰባው ላይ የባልደረባውን ጉድለት ሳይናገር ዝም ያለ ሰው አድርባይ ይባላል፤ ጥሩ ብቻ የተናገረ ደግሞ ቡድንተኛ ይባላል። ስለዚህ ወዳጅ ለወዳጁ አስቀድሞ አንዲት ጥፋት ይመርጥለታል። ጥፋቷ እውነተኛ መሆን አለባት፤ ሌላውም ሰው የሚያውቃት ብትሆን ይመረጣል፤ ግን ሰው የምትጎዳ መሆን የለባትም። ተነስቶ ይላታል፣ ተገምጋሚው አንገቱን ደፍቶ «እቀበላለሁ፣ አርማለሁ» ይላል፣ ሁለቱም ያልፋሉ። ነውሩን ሁሉም ያውቀዋል፤ ግን ከዚያ ሌላ በፍቅር መሀል አንድ ሰው ሌላውን የሚያድንበት መንገድ አልነበረም።

ጋሽ ቢሻው እሷን ሪፖርት ታዘገያለች ሊሏት ተስማሙ። እውነት ነው፤ ታዘገያለች። የእሳቸው ግን አስቸገረ። ስብሰባ ላይ ያንቀላፋሉ የሚለው ሁለት ዓመት ሙሉ አገልግሎ አልቋል። አምና ኃላፊው አቶ ወንድማገኝ ሳቅ ብሎ «ይሄ ሂስ አይደለም፣ አቧራ ማራገፍ ነው» ብሎ ነበር። ኃላፊው ጋሽ ቢሻውን የሚጠብቃቸው በዓይን ሳይሆን በጥርስ እንደሆነ ሁለቱም ያውቃሉ። በሐምሌ ወር በሽንፋ ዙሪያ ሦስት ሺህ ሄክታር ሰሊጥ ተረጭቷል የሚል ሪፖርት አዘጋጅቶ እንዲፈርሙ ሲልክላቸው «እኔ የረጨሁት አራት መቶ ነው» ብለው ሳይፈርሙ መልሰውለታል። ከዚያ ወዲህ ደብዳቤ ሲጽፍላቸው እንኳ ሰላምታ አያስቀድምም።

«ስለ ፎርሙ ብናገርስ?» አለች የትናየት።

የሐሳቡ ባለቤት እሷ ነበረች። ይህን በኋላ ስንት ጊዜ ለራሷ ደገመችው። ከቢሮ የሚወጣ ሞተር ሁሉ የስምሪት ፎርም ይሞላለታል፤ ጋሽ ቢሻው አንድ ቅዳሜ ሳያስሞሉ ወጥተዋል። በየመሥሪያ ቤቱ ያላደረገው የለም። ትንሽ ናት፣ እውነት ናት፣ ሰብሳቢውንም ደስ ታሰኛለች።

ጋሽ ቢሻው የቁርቁራውን ቅጠል በጣታቸው ሲያሹ ቆዩ።

«ይሁን» አሉ በመጨረሻ። «ቀኑን ግን አትጥሪ። ያን ሰሞን ነገር ነበረበት። ቢጠይቁሽ ረሳሁት በይ።»

«እሺ ጋሼ።»

ያ ቅዳሜ በነሐሴ፣ በሰሊጥ አረም ሰዓት ነበር። ከአንድ የባለሀብት እርሻ የመጣ ሰው፣ ፈረደ የሚባል የጎጃም ሰው ካምፑ ውስጥ በወባ ራሱን ስቶ መውደቁን ነገራቸው። የካምፑ ትራክተር ዋልካው ጭቃ ውስጥ ሰጥሟል። ፎርም የሚፈርመው ኃላፊ መተማ ነው፤ ስልክ አይሠራም። ጋሽ ቢሻው ሞተሩን ሲያስነሱ የትናየት ሳትጠየቅ ከኋላ ወጣች፤ ራሱን የሳተን ሰው በሞተር ለማምጣት ደጋፊ እንደሚያስፈልግ ለማወቅ ዲግሪ አያሻም። ሲመለሱ በሽተኛውን መሀል አድርገው በነጠላዋ ከጋሽ ቢሻው ወገብ ጋር አሰረችው፤ እሷም ከኋላ ደረቱን አቀፈችው። ጥቁሩ ጭቃ ሦስት ጊዜ ጣላቸው። ጤና ጣቢያ አድርሰውት ሰውየው ተረፈ፤ በሳምንቱ ቆሞ ሄደ፤ ወደ ጎጃም ከመመለሱ በፊት ሊያመሰግን መጥቶ አንዲት ዶሮ ሊሰጣቸው ታገለ። በሽተኛውን ያደረሱ ዕለት አመሻሽ እትዬ ባየሽ ጭቃ የበላውን ነጠላ ራሳቸው አጥበው ሰጧት።

በዚያው ቅዳሜ ግን አገሩ በተቃውሞ ታምሶ ነበር። በሽንፋ መንገድ ጎማ ተቃጥሏል፤ ድንጋይ ተደርድሯል። እነሱ በሌላ በኩል፣ በእርሻው ውስጥ ነበሩና አላዩትም። ሲቆይ ሰሙት እንጂ።

አዳራሹ የቆርቆሮ ጣራ፣ ሦስት ጠረጴዛና ወደየጥጉ የሚዞር አንድ ቬንትሌተር ነበረው። በመስኮቱ በኩል የጉምሩክ ወረፋ የያዙ ከባድ መኪኖች ይታያሉ፤ ከእነሱ አልፎ ሰዎች ሸቀጣቸውን በራሳቸው ተሸክመው ወደ ሱዳኗ ገላባት ይሻገራሉ። ግድግዳው ላይ በትልቅ ወረቀት «ሂስ የዕድገት መሣሪያ ነው» የሚል ተለጥፏል። ሃያ ሁለት ሠራተኛ ባጁን አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ፣ አጀንዳውን ገልጦ፣ የታሸገ ውሃውን ፊቱ አስቀምጦ ተቀምጧል። ስብሰባ ከገቡ ሦስተኛው ቀን ነው። የሰው ሁሉ ፊት ገርጥቷል፤ ሁለት ሰዎች አልቅሰዋል፤ አንዲት የጽዳት ሠራተኛ ለምን እንደተገመገመች ሳይገባት «እቀበላለሁ» ብላ ተቀምጣለች።

አቶ ወንድማገኝ ሠላሳ አራት ዓመቱ ነው። ድምፁን አያነሳም፤ አይሳደብም። ሰው ሲናገር ራሱን እየነቀነቀ ይሰማል፣ ውሃም ከራሱ ጠርሙስ ያቀርባል። ያን ሰው ለመጥላት ጊዜ ይፈጃል፤ ፍርሃቱ ግን ወዲያው ነው የሚጀምረው። ከጎኑ የስምሪት ሠራተኛው ለይኩን አንድ ወፍራም መዝገብ ፊቱ ዘርግቶ ተቀምጧል። ለይኩን መዝገብ ይዞ ስብሰባ ለምን እንደመጣ የጠየቀ አልነበረም።

የሽንፋ ቅርንጫፍ ተራ ደረሰ። ጋሽ ቢሻው ቀድመው ተነስተው የትናየት ሪፖርት ታዘገያለች አሉ። የትናየት እቀበላለሁ፣ አርማለሁ አለች። ያለ ጭንቅ አለፈ።

ከዚያ እሷ ተነሳች። ጋሽ ቢሻው ትጉ ሠራተኛ እንደሆኑ፣ ሆኖም አንድ ጊዜ የስምሪት ፎርም ሳይሞሉ ሞተር ማንቀሳቀሳቸውን ተናገረች። ስትጨርስ ቀሎላት ልትቀመጥ ነበር።

«ቆይ» አለ አቶ ወንድማገኝ በለዘበ ድምፅ። «ጥሩ ጀምረሻል። መቼ?»

«አላስታውሰውም።»

ፈገግ አለ። ጊዜና ቦታ የሌለው ሂስ አሉባልታ እንደሚባል ለጉባኤው አስረዳ። የትናየት ሁሉን ነገር በአጀንዳዋ ላይ እንደምትጽፍ መሥሪያ ቤቱ ሁሉ እንደሚያውቅ፣ አሉባልታ የሚያወራ ሠራተኛ ደግሞ ቋሚ ይሁን ብሎ ለመፈረም እጁ እንደሚከብደው ተናገረ። ይህን ሁሉ ሲል እሷን አያይም፤ እስክሪብቶውን ያሽከረክራል። አጠገቧ የተቀመጠችው የመዝገብ ቤቷ ማስተዋል በክርኗ ጎሸም አደረገቻት፤ ተናግረሽ ገላግይን ማለቷ ነው።

ወንጌል በዓይኗ መጣችባት። ያየችው ቤት መጣባት። እንዲህ ያለ ነገር አንድ ሰው አስቦበት አያደርገውም፤ አፉ ይቀድመዋል። የእሷም አፍ ቀደማት።

«ነሐሴ ሰባት። ቅዳሜ ነው።»

ጋሽ ቢሻው ዓይናቸውን ጨፈኑ። እሷ ብቻ ናት ያየችው።

ለይኩን መዝገቡን ሳይፈልግ ገለጠው፤ ገጹ ላይ አስቀድሞ ቁራጭ ወረቀት ተሰክቶ ነበር። በዚያ ቀን ከሽንፋ የወጣ ሞተር እንደሌለ አነበበ። ነሐሴ ሰባት ምን ቀን እንደነበረ ለማንም መናገር አላስፈለገም።

«ጋሽ ቢሻው፣ የዚያን ቀን የት ነበሩ?» አለ አቶ ወንድማገኝ።

ጋሽ ቢሻው ተነሱ። በወባ የተያዘ ሰው ከካምፕ ወደ ጤና ጣቢያ ማድረሳቸውን፣ ሰውየው ፈረደ እንደሚባልና ለሕይወቱ ያሰጋ እንደነበር፣ ፎርሙን የሚፈርም ሰው ስላጡ እንደወጡ ተናገሩ። ረጋ ብለው ነው የተናገሩት፤ ለሠላሳ ዓመት ሪፖርት ሲያቀርቡ እንደኖሩት።

«ሰውየው የት አለ?»

«አገሩ ገብቷል። ጎጃም።»

«ምስክር አለዎት?»

የትናየት እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። አሁን ትነሳለች። አብሬ ነበርሁ ትላለች። እግሯን ሰበሰበች፣ እጇን ከጠረጴዛው ላይ አነሳች። አጀንዳዋን መልሳ ያዘችው።

ጋሽ ቢሻው ወደ እሷ አላዩም። ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን ወረቀት እያዩ «የለኝም» አሉ። «ብቻዬን ነበርሁ።»

አቶ ወንድማገኝ ይህን መልስ የሚጠብቀው ይመስል ወንበሩን ወደ ኋላ ገፋ አደረገ። ከዚያ በኋላ የተናገረው ሲታሰብ ስህተት የለበትም፤ ያ ነው የሚያንገበግበው። ራሱን የሳተ ሰው ከሞተር ኋላ እንዴት ተቀመጠ? ማን ደገፈው? ያን ሁሉ ጭቃ አንድ እጅ ለመሪው፣ አንድ እጅ ለበሽተኛው ሆኖ ነው የተነዳው? ሞተር መንዳት የሚያውቅ ሰው ሁሉ አዳራሹ ውስጥ ራሱን ነቀነቀ። እውነቱ እንዲታመን አንድ ሰው ይጎድለው ነበር፤ ያ ሰው ተቀምጦ ነበር።

«ስለዚህ የጫንኸው በሽተኛ አይደለም» አለ ኃላፊው። «ማንን ነበር ያመላለስኸው?»

አንተ አላቸው። በአባቱ ዕድሜ ያሉትን ሰው ሃያ ሁለት ሰው ፊት አንተ አላቸው፤ ጉባኤውም ነገሩ የት እንደደረሰ በዚያች ቃል ገባው። ከዚያ ወዲያ ሰው ሁሉ በየተራ እየተነሳ ቀድሞ የሚያውቀው ይመስል ተናገረ። አንዱ ጋሽ ቢሻው ዜና ሲሰሙ ድምፅ እንደሚቀንሱ አስታወሰ። ሌላው ሪፖርት አልፈርምም ማለታቸው የመንግሥትን ስኬት ለመደበቅ መሆኑ አሁን እንደተገለጠለት ተናገረ። አምና ልጁን ሲድር ጋሽ ቢሻው የሰርግ ድንኳን የተከሉለት ሰው ነው ይህን ያለው። ማስተዋል እንኳ ተነሳች፤ የምትለው ሲጠፋባት «የተባለውን እደግፋለሁ» ብላ ተቀመጠች።

ጋሽ ቢሻው እስከ መጨረሻው ቆመው ነበር። ተቀመጥ ያላቸው የለም።

ከሥራ ታግደው ጉዳያቸው ወደሚመለከተው አካል ይተላለፍ የሚለው ሐሳብ ለድምፅ ቀረበ። እጆች ተነሱ። አቶ ወንድማገኝ በእስክሪብቶው ጫፍ አንድ ሁለት እያለ ሲቆጥር ወደ እሷ ሲደርስ የእሷም እጅ ወጥቶ ነበር። መቼ እንዳነሳችው አታውቅም። በሙሉ ድምፅ አለ። ቀጥሎ የትናየትን ሂስ ጊዜና ቦታ ያለው፣ ወዳጅነት ያልበገረው ሂስ ብሎ አመሰገነና በግምገማው ከፍተኛውን ደረጃ «ሀ» እንድታገኝ ሐሳብ አቀረበ። ለዚህም ድምፅ ተሰጠ። ጭብጨባም ነበረ። ማስተዋል ወደ ጆሮዋ ጠጋ ብላ «በቃ፣ ቋሚ ነሽ» አለቻት፤ ከልቧ ደስ ብሏት ነው።

እረፍት ሲባል ግቢው ውስጥ አንድ ፒካፕ ቆሞ ነበር። ሲቪል የለበሱ ሁለት ሰዎች ከጋሽ ቢሻው ጋር በሥነ ሥርዓት ሰላምታ ተለዋውጠው ለማጣራት ጎንደር ድረስ እንደሚፈልጓቸው ነገሯቸው። መቼ እንደሚመለሱ አልነገሯቸውም። ጋሽ ቢሻው ጃኬታቸውን ለበሱ። ባጃቸውን አውልቀው የሚሰጡት ሰው ፈለጉ፤ ለይኩን ተቀበላቸው። የትናየት አንድ ነገር ልትል ወደ እሳቸው ሮጠች፤ ደርሳ ግን ቃል ጠፋባት። ምን ይባላል? ይቅር ይበሉኝ ብትላቸው እዚያ ያሉት ይሰማሉ። አሁንም ያን አሰበች። በዚያች ሰዓት እንኳ።

«ሞተሩ ቤንዚኑ አልቋል» አሏት በዝግታ፣ ለሌላው ሰው እንዳይሰማ አድርገው። «መንገድ ላይ እንዳትቆሚ። በሚኒባስ ሂጂ።»

ፒካፑ ወጣ። ስብሰባው ከሻይ በኋላ ቀጠለ።

በማግሥቱ ጧት የመጀመሪያውን ሚኒባስ ተሳፍራ ሽንፋ ወረደች። እንቅልፍ አልወሰዳትም ነበር። መንገዱን ሙሉ ለእትዬ ባየሽ የምትለውን ስታዘጋጅና ስታፈርስ መጣች። በራቸው ላይ ስትደርስ ካዘጋጀችው አንዱም አልቀረላትም።

እትዬ ባየሽ ከዳሱ ጥላ ሥር በርጩማ ላይ ተቀምጠው ለማድረቅ ባሚያ ይከትፋሉ። ፊታቸው አብጧል፤ ሲያለቅሱ አድረዋል። እሷን ሲያዩ ቢላውን ጥለው ተነሱ፣ አቀፏት፣ ትከሻዋ ላይ ሆነው አለቀሱ።

«ነይ ልጄ፣ ነይ። ነግሮኛል። ጎንደር ሳይደርስ ስልክ አስፈቅዶ ደውሎልኝ ነበር። ሰው ሁሉ ሲነሳበት የትናየት ብቻ ናት የቆመችልኝ አለኝ። እሷን አደራ አለኝ።»

የትናየት ፊቷን ወደ አጥሩ አዞረች። እትዬ ባየሽ ግን እያዩዋት አልነበረም፤ እጇን ይዘው አስቀመጧት፣ ምሳ ሳትበላ እንደማትሄድ ነገሯት፣ ከቤት ገብተው ከአንድ የትምህርት ቤት ደብተር ላይ የቀደዱት ወረቀትና እስክሪብቶ ይዘው ወጡ። ሌሊቱን ሲያስቡበት አድረዋል። አቤቱታ ይጻፋል፤ ጎንደር ድረስ ይዘውት ይሄዳሉ። የትናየት ጽሕፈቷ ጥሩ ነው። የዚያን ቅዳሜ በሞተሩ ላይ እንደነበረች እሳቸው ራሳቸው ያውቃሉ፤ ጭቃዋን ያጠቡት እሳቸው ናቸው። ምስክር ካለማ ማን ያስረዋል?

ጻፈች። ለማን እንደሚጻፍ እሷ ታውቀዋለች፤ የቀረውን እትዬ ባየሽ እየከተፉ ይነግሯታል። ስሟን ጻፈች፣ ሥራዋን ጻፈች፣ ፈረደን ከካምፑ እንዴት እንዳመጡት ጻፈች። ያን ያህሉ እውነት ነበርና እውነት መጻፍ እንዲህ ቀላል መሆኑ አስገረማት።

«እንግዲህ እንዲህ በይ» አሉ እትዬ ባየሽ። «ይህንኑ በትናንቱ ስብሰባ ላይ እንደተናገርሁት ሁሉ አሁንም በፊርማዬ አረጋግጣለሁ።»

እስክሪብቶው ቆመ።

እትዬ ባየሽ ሌላ ባሚያ አንስተው ከተፉ፣ ሌላም ከተፉ። ከዚያ ቀና አሉ።

«ምነዋ?»

«አልተናገርሁም» አለች የትናየት።

«ምኑን?»

«አብሬያቸው እንደነበርሁ አልተናገርሁም። ምስክር አለ ወይ ሲባል ዝም አልሁ። ቀኑንም የነገርኋቸው እኔ ነኝ። አትጥሪው ብለውኝ ነበር፤ ጠራሁት። ከሥራ ይታገዱ ሲባልም እጄን አውጥቻለሁ፣ እትዬ።»

ካወጣችው በኋላ ማልቀስ ፈለገች፤ እንባው እምቢ አላት። እትዬ ባየሽ አልጮሁም፤ አልረገሟትም። ቢላው በእጃቸው እንዳለ ከአጥሩ ባሻገር የሚያልፈውን ባጃጅ ሲመለከቱ ቆዩ። ባጃጁ ራቀ፤ ድምፁም ጠፋ።

«ታዲያ እኔን ለምን ዋሸኝ?» አሉ ለራሳቸው። «ሠላሳ ዓመት ስንኖር አንድ ቀን ዋሽቶኝ አያውቅም።»

መልሱ የመጣው ከራሳቸው ነው፤ ሲመጣ ፊታቸው ላይ አየችው። በመጀመሪያ ገባቸው፣ ቀጥሎ አመማቸው።

«ከቤቴ እንዳላባርርሽ ነው» አሉ። «በዚያ መኪና ላይ ሆኖ ያሰበው ይህን ነው።»

ያን ጊዜ እንባዋ መጣ። እግራቸው ሥር ወደቀች፤ እትዬ ባየሽ አላነሷትም፣ አልገፏትምም። አልቅሳ እስክትጨርስ ጠበቋት። ስትጨርስ ወረቀቱን ከመሬት አንስተው አቧራውን በቀሚሳቸው ጠርገው ሰጧት።

«ያን መስመር ተይው። የቀረው እውነት ነው፣ ፈርሚበት።»

ፈረመች። ፊርማዋ በዚያው ሳምንት መተማ እንደሚደርስ፣ «ሀ»ዋም ቋሚነቷም በዚያ እንደሚያበቃ ታውቅ ነበር፤ ደግሞም እንዲያ ሆነ። ግን ፊርማው ዋጋ የሚኖረው አንድ ቀን ቀድሞ ቢሆን ነበር። አቤቱታው ጎንደር ደርሶ ከአንዱ ቢሮ ወደ ሌላው ሲመራ፣ ጋሽ ቢሻው የተለቀቁት በየካቲት ነው፤ ሥራቸውን አላገኙትም፣ ጥርሳቸውም አብሯቸው አልተመለሰም።

ያን ጧት ግን ይህ ገና አልመጣም። እትዬ ባየሽ ወረቀቱን አጥፈው መቀነታቸው ውስጥ አስገቡ።

«ሲመለስ እንዳወቅሁ አትንገሪው» አሉ።

«እሺ።»

«ቅዳሜ ቅዳሜ እንደ ወትሮሽ ትመጫለሽ። ከቀረሽ ያውቃል።»

«እሺ፣ እትዬ።»

መጣች። ጋሽ ቢሻው ከተመለሱም በኋላ፣ እሷም ሥራዋን አጥታ እዚያው ሽንፋ የእርሻ መድኃኒት መሸጫ ከተቀጠረችም በኋላ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ መጣች። ጋሽ ቢሻው እንግዳ ሲኖር በጎደለው ጥርሳቸው ፈገግ ብለው «ያን ቀን የቆመችልኝ እሷ ብቻ ናት» ይላሉ፤ እትዬ ባየሽም «አዎ፣ ነግረኸኛል» ይላሉ። ሳህኗ ሳይጎድል፣ ወጧ ሳይቀንስ አበሏት። ልጄ ብለው ግን ዳግመኛ አልጠሯትም።